በደምለው ስም

«እኔ ባልኖር ይኸ ትምህርት ቤት ኢንተርኔቱን በጆንያ ጠቅልሎ ለጎንደር ይመልስ ነበር» አለች ስጦታ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ እንደ አውራ ዶሮ ቆማ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጉሙ ገና ከደባርቅ ቆርቆሮዎች ላይ አልተነሣም፤ በመንገዱ ወደ ገበያ የሚነዱ በጎች ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። ጉራዋን የሰማት እናቷ አረጋሽ ብቻ ነበረች። አረጋሽ ደግሞ ለዘር የሚሆነውን ድንች ከተበላሸው እየለየች ስለነበር ቀና እንኳ አላለችም። ካቡ ቢናድ መልሶ የሚክበው ወንድ በዚህ ግቢ እንደሌለ፣ ከካቡ ወዲያ ያለው ጉድጓድም የተማረ ካልተማረ እንደማይለይ ብቻ ነገረቻት። በዚያ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ካብ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ የመረመረ የለም፤ ስጦታ ግን ሽታው ሳይስበው አልቀረም ባይ ናት።

ወንድ የለም ያለችውን አረጋሽ ጮክ አድርጋ ነው ያለችው፤ ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍል የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ይግዛው እንዲሰማ። ሁለቱ ከፋሲካ ወዲህ አይነጋገሩም። ይግዛው ድንበሩ ላይ የነበሩትን ሦስት ባሕር ዛፎች ሳያማክራት ቆርጦ ሸጠ። አረጋሽ ደግሞ ስለ ዛፎቹ አልተናገረችም፤ ስለ ሟች አባታቸው፣ ስለ ሚስቱ ጥላው መሄድና ስለ ካልሲው ሽታ ተናገረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ በአንድ በር እየወጡ እየገቡ፣ የሚገናኙት በስጦታ አፍ ነው። «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» ትላለች እናቷ፤ «ለእናትሽ ንገሪያት» ይላል አጎቷ። ስጦታም መልእክቱን እንዳለ አታደርስም፤ ስድቡን ነቅላ፣ እንደምን አደርክ ጨምራበት ታደርሳለች። የሰለቻት ቀን ደግሞ የገዛ ስድቧን ትጨምርበታለች።

በግቢው ውስጥ ደህና ስልክ ያለው ይግዛው ብቻ ነው፤ ወደ ተራሮቹ የሚወጡ እንግዶችን የሚመራ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ከራቀው ስለሰነበተ ስልኩ የሚውለው በስጦታ እጅ ነበር፤ ኪራዩም ያ የተሰደበው ካልሲ ነው፤ እሷ ታጥበዋለች። ዛሬ ግን ሁለት ፈረንጆች መጥተውለታል። በዚህ ጉም ምን ሊያዩ እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ካምፕ ይወጣል። ከስድስት ሰዓት አንዲት ደቂቃ ብታሳልፍ ሁለተኛ እንደማያሳያት ምሎ ነግሯታል።

ፕላትፎርም የተባለውን ነገር ደባርቅ ያመጣው የዜግነት ትምህርት መምህሩ ሰይፈ ሥላሴ ነው። ጎንደር ሦስት ቀን ሠልጥኖ፣ ጽሑፍ የታተመበት ቦርሳ አንግቶ የተመለሰ ዕለት፣ ከእንግዲህ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በፕላትፎርም ላይ በኅብረት ይማራል፣ ይወያያል፣ የጓደኛውን ሐሳብ ይተቻል ብሎ አወጀ። መብራት ስላልነበረ ፕላትፎርሙን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥሎ አሳያቸው። ተማሪው ሁሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል ብሎ፣ ሥዕሉን በደብተሩ ገለበጠ። ከዚያ በአራት በአራት ተቧደኑ፤ ለእያንዳንዱም ስሙና ፓስወርዱ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ታደለው።

ግሩፕ ሰባት ስጦታ፣ የመሪጌታ ልጅ አመተ ማርያም፣ ፀጋውና ደምለው ናቸው። የአመተ ማርያም ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከሬዲዮና ከባትሪ ሌላ ሙያ የለውም። የፀጋው ስልክ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ወዲህ የሚያገለግለው ፀጉሩን ሲያበጥር ፊቱን ለማየት ነው። ደምለው ጭራሹን የለውም። ስለዚህ እንደ አባቶቻቸው ወንፈል ገቡ፤ ዛሬ ያንተን እናርሳለን፣ ነገ የእኔን። ሦስቱም ወረቀታቸውን ለስጦታ አስረከቡ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንዱ ስም ገብታ በሌላው እየወጣች የአራቱንም ማሳ ታርሳለች፤ በምትኩ ደምለው የሒሳብ የቤት ሥራዋን ይሠራል፣ አመተ ማርያም በዚያ የብራና ጽሕፈት በሚመስለው እጇ ኖት ትገለብጥላታለች፣ ፀጋው የክፍል ጽዳት ተራዋን ይጠርጋል። ማንም ማጭበርበር ነው ያለ የለም። ጎረቤት በሬ ቢያውሰው በበሬው ያረሰ ገበሬ ሌባ ይባላል እንዴ? መምህሩማ ሁልጊዜ አራቱም አባላት የማይጠፉበት፣ ለሌላው አርአያ የሆነ ግሩፕ ብሎ በሰልፍ ላይ አስጨብጭቦላቸዋል።

ዛሬ ግን ነገሩ ከጭብጨባ ያለፈ ነው። ከትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ተመርጦ ጎንደር አምስት ቀን ይሠለጥናል፤ አልጋው ምግቡ ተችሎለት፣ ሲመለስም የራሱ የሚሆን ታብሌት ይዞ። የሚመረጠው በዛሬው ውይይት ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት። ስጦታ ጎንደርን ያየችው አንድ ጊዜ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ ነው፤ ግንቡንም የጎበኘችው በአንድ ጉንጯ ጥጥ ነክሳ ነው። ታብሌቱ ቢመጣ ደግሞ ስልክ ከመለመንም ካልሲ ከማጠብም ትገላገላለች። መመረጧን ስላልተጠራጠረች ሐሙስ ዕለት መቶ ሃምሳ ብር ከፍላ ሹሩባ ተሠራች፤ ከጎረቤት ሻንጣ ተውሳ ከአልጋው ሥር ከተተች። እናቷ ሻንጣውን ስታይ ማን ሞተ ብላ ጠየቀቻት።

አራት ሰዓት ሲሞላ መምህሩ ጥያቄውን ለጠፈ፤ ከገጠር የመጣ ተማሪ በትምህርቱ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል የሚል ነው። ስጦታ በቅድሚያ የራሷን ለቀቀች። ሳምንቱን ሙሉ ከየድረ ገጹ የቃረመችው ነው፤ ትምህርት የአንድ አገር የዕድገት የጀርባ አጥንት መሆኑን፣ ዘርፈ ብዙ ተግዳሮቶች መኖራቸውን፣ ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው መረባረብ እንዳለባቸው ይተነትናል። ባለድርሻ አካላትን አምስት ጊዜ ጠራቻቸው፤ እነማን እንደሆኑ ባታውቅም ስማቸው ይከብዳል። መልሳ ስታነበው ራሷን ፈራች። ቀጥላ በአመተ ማርያም ስም ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለባቸው ሁለት መስመሮች ጻፈች፤ በፀጋው ስም ደግሞ ከላይ በተባለው እስማማለሁ ብላ፣ ፀጋው ያለ ስሕተት ከጻፈ ስለሚያስጠረጥር ሁለት ፊደል አበላሸችለት።

የቀረው ደምለው ነው። ደምለው ከመካነ ብርሃን ወዲህ ካለች መንደር መጥቶ፣ ከእነ ስጦታ ግቢ በር አጠገብ ያለችውን ክፍል በወር በአምስት መቶ ብር የተከራየ ልጅ ነው። ክፍሏ አንድ መደብ፣ አንድ የከሰል ምድጃና አንድ አምፖል አላት፤ መስኮት የላትም። የአምፖሉ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ያለው እዚያ አይደለም፤ በአረጋሽ ቤት፣ ከአልጋዋ ራስጌ ነው። ቤቱን ያሠራው ሟቹ ባሏ እንዲያ አድርጎ ዘረጋው፤ አረጋሽም አላስቀየረችውም፤ እንዲያውም ወደደችው። አረጋሽ እንቅልፏ ሲመጣ ደምለው ይጨልማል። አሁን እሱ ዘመዶቹ በጭነት መኪና የላኩለትን ገብስ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ተራ እየጠበቀ ነው። ስጦታ በሱ ስም ምን እንደምትል ጨነቃት፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ባለድርሻ አካላቱን ለራሷ ጨርሳቸዋለች። ስለዚህ ከካቡ ላይ ቁልቁል ስትመለከት የሚታያትን፣ እሱ ሲያወራ እንደምትሰማው በደረቁ፣ ትንሽም ልትቀልድበት ብላ ጻፈችው።

«የተከራየሁት ቤት አምፖል አለው። ማጥፊያው አከራዬ አልጋ ዘንድ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቆጣሪው ያስፈራቸዋል። ከዚያ ወዲያ የማነበው ፑል ቤቱ ደጅ ካለው መብራት ሥር ነው። ቁሜ ነው የማነበው፤ ወንበሩ ለሚጫወት ነው። ኅዳር ላይ ቲቸር እዚያ አዩኝና ቁማርተኛ ብለው በሰልፍ ፊት አንበረከኩኝ። ደብተሩ በጋቢዬ ውስጥ ነበር። አላሳየኋቸውም። ስለ መብራቱ ብናገር ቤቱን ልቀቅ እባላለሁ ብየ ነው።»

ይህን የፈጠረችው አልነበረም። ፑል ቤቱ ከካቡ ላይ ፊት ለፊት ይታያል፤ ደምለውን በመብራቱ ሥር፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን በግድግዳው እያሳረፈ፣ ስንት ጊዜ አይታዋለች። የተንበረከከ ቀንም ሰልፉ ላይ ነበረች፤ ከሳቁት አንዷ ናት። ለጠፈችውና በራሷ ስም ተመልሳ ገብታ ከሥሩ መለሰችለት፤ ሐሳብህ መልካም ሆኖ ሳለ በስታቲስቲክስ ብታስደግፈው አለችው።

ከዚያ ነገሩ ከእጇ ወጣ። አንድ ላይክ መጣ፣ አምስት ሆነ፣ አሥራ ሰባት። ከማታውቃቸው ግሩፖች ሰው መጻፍ ጀመረ። አንዲቱ የእኔ ማጥፊያ ከውጭ ነው፣ የአከራዬ ልጅ ሲያልፍ ሲያገድም እያጠፋ ይስቃል አለች። ሌላው፣ የሚቀዳውን የውኃ ጄሪካን ብዛት አከራዩ በጠመኔ ግድግዳ ላይ እየጫረ እንደሚይዝበት ጻፈ። ከዳባት ወዲያ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ፣ ወር ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቅ፣ አንድ ገጽ ሙሉ አወረደው። የስጦታን ባለድርሻ አካላት የወደደላት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ፀጋው፤ ያውም እሷው ናት። በመሐል መምህሩ ራሱ ገባና «ደምለው፣ ቀጥል» ብሎ ጻፈ።

ስጦታ በደምለው ቀናች። ከካብ ላይ ቆማ፣ ገብስ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት በተሰለፈ፣ የሆነውን ምንም በማያውቅ ልጅ ቀናች። ልትጥለው ወሰነች። በአመተ ማርያም ስም ገብታ ትዕግሥት መልካም ነው፣ አከራይን በአደባባይ ማማት ኃጢአት ነው ብላ ገሠጸችው፤ ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ አመተ ማርያም ላይ ወረደባት። ምስኪኗ አመተ ማርያም ያን ጊዜ ከእናቷ ጋር ገበያ ሽንኩርት ትመርጣለች። ይህም አልሠራ ሲላት ስጦታ ደምለውን ራሱን ባለጌ አስመስላ ልትገድለው አሰበች። ለመምህር እንዲህ ተብሎ አይመለስም ያለችውን መርጣ በስሙ ጻፈች፤ «ሌላ የምለው የለኝም፤ ወፍጮ ቤት ተራዬ ደርሷል።» ሠላሳ ሁለት ላይክ አገኘ። አንዱማ እንዲህ ነው የሥራ ሰው ብሎ አጨበጨበለት።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የመምህሩ መልእክት ወጣ። አንድ መስመር ነው፤ ጎንደር የሚሄደው የግሩፕ ሰባቱ ደምለው ነው ይላል። ስጦታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከጀርባዋ እጅ መጣና ስልኩን ከእጇ ላጥ አደረገው፤ ይግዛው ነው፤ ቦርሳውን አንግቶ፣ የዝናብ ልብሱን ደርቦ ለመንገድ ተነሥቷል። ገጹን ሊዘጋ ብሎ ዓይኑ የደምለው ጽሑፍ ላይ አረፈ። በልቡ አነበበው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለፈረንጆቹ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ በሚያስረዳበት አነጋገር፣ ቀስ እያለ ከመጀመሪያው አነበበው። ሲጨርስም ከፋሲካ ወዲህ ያላደረገውን አደረገ፤ ወደ እኅቱ ዞረ።

«አረጋሽ፣ ማጥፊያሽን በአደባባይ አሰጡልሽ እኮ።»

«የምን ማጥፊያ?» አለች አረጋሽ፤ ኩርፊያዋን ረስታ።

ሁለት ወር የተመላለሱ ሽማግሌዎችና አንድ የነፍስ አባት ያቃታቸውን ፕላትፎርሙ ቻለው። ወንድምና እኅት ራስ ለራስ ገጥመው እንደገና አነበቡት፤ ማለት እሱ አነበበ፣ እሷ በየመስመሩ ምን? ምን? አለች። ክፉ ሰው አይደሉም የሚለው ላይ ሲደርሱ ይባስ ተናደደች። አምስት መቶ ብር አንሶት፣ ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ላስቲክ ማን አለበሰለት፣ ለበዓል ሙሉ የበግ እግር ማን ላከለት እያለች ቆጠረች። እግሩን የላከችው እውነት ነው፤ የላከችው ግን በስጦታ ነበር፤ ስጦታም መንገድ ላይ ግማሹን በልታዋለች። ሁለቱ በዚህ መሐል እያሉ ደምለው ከነጆንያው በበሩ ገባ፤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሷል።

«አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን በደልሁህ?» አለችው አረጋሽ። መልስ አልጠበቀችም። ሳይመሽ እቃህን አውጣልኝ፣ ማጥፊያው ራስጌህ የሆነ ሌላ ቤት ፈልግ አለችው።

ደምለው ምን አድርጌ ብሎ አልጠየቀም። ጆንያውን እንደተሸከመ «እሽ፣ እትዬ» አለ። ዱቄቱን የት እንደሚያሳድር ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደባርቅ ማን ቤት ያከራያል? ስጦታ ካቡ ላይ እንደቆመች ነው። ዝም ብትል ልጁ ጎንደርንም ታብሌቱንም ይዞ ሜዳ ላይ ያድራል። ብትናገር እናቷ በዚያው ድንች ባለበት መዳፍ ታለብሳታለች። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ ብትል ደምለው ቤቱን አያጣም፣ እሷም ጎንደርን አታጣም። ሰው ማዳንና መንገድ መሄድ በአንድ አፍ። ከካቡ ዘላ ወረደች።

አፏን ሳትከፍት በሩ ተንኳኳና መምህር ሰይፈ ሥላሴ ገባ። ወደዚህ ግቢ መጥቶ አያውቅም። ያችን የሥልጠና ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ጭቃውን ከጫማው ሳይጠርግ ሄዶ ደምለው ፊት ቆመ። ቆቡን አወለቀ። ኅዳር ላይ ስላደረገው ነገር ይቅርታ እንዲያደርግለት፣ ሰኞም በዚያው ሰልፍ ላይ ይህንኑ እንደሚደግመው ነገረው። አረጋሽ ድንቿን እንደጨበጠች ቀረች። ደምለው ደግሞ መምህር ቆብ አውልቆለት ስለማያውቅ በድንጋጤ እሱም ጎንበስ አለ፤ ከትከሻው ዱቄት መምህሩ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

«ቲቸር፣ እሱ አይደለም የጻፈው» አለች ስጦታ። «እኔ ነኝ። የአመተ ማርያምንም የፀጋውንም የምጽፈው እኔ ነኝ። እሱ ወፍጮ ቤት ነበር።»

ከመንገዱ ማዶ የፑል ቤቱ ኳሶች ሲጋጩ ይሰማ ነበር። መምህሩ የተደፋ ባልዲ ፈልጎ ተቀመጠ። ወር ሙሉ ያስጨበጨበለት አርአያ ግሩፕ አንዲት ልጅ ብቻ መሆኑን በልቡ ሲቀንስ ሲደምር ቆየ። ቀጥሎ ያደረገውን ስጦታ አልጠበቀችውም፤ አልተቆጣትም፤ አላያትምም። ከይግዛው ስልኩን ተቀበለና ጽሑፉን ለደምለው አነበበለት። ደምለው ከአገሩ የመጣ መልእክት እንደሚሰማ ሰው፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። መምህሩ በዚህ ውስጥ ውሸት አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«አለ» አለ ደምለው። አረጋሽን ሰረቅ አድርጎ አያት፤ መዋሸት ግን አልሆነለትም። «መብራቱ የሚጠፋው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሌላው ልክ ነው።»

ይግዛው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ በአፍንጫው ወጣበት። አረጋሽ ወደ ድንቿ ጎንበስ አለች። ከዚያ ማንንም ሳታይ፣ ዱቄቱን ከእርጥቡ መሬት ላይ አንሣው፣ ቤት አስገባው አለች። የትኛው ቤት እንደሆነ የጠየቃት የለም። ደምለው ጆንያውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ።

መምህሩ ስልኩን ለባለቤቱ መልሶ ተነሣ። የፓስወርዱን ነገር ሰኞ ከአራቱም ጋር እንደሚነጋገርበት፣ ደምለውም የተነበበለትን ከራሱ ጨምሮ በእጁ እንደሚጽፈው፣ የጎንደሩ ስም ግን እንደማይቀየር ተናገረ። ስጦታ ጆሮዋን አላመነችም። እውነት ተናግራለች፤ ልጁን ከሜዳ አድናዋለች፤ ደፋር ሆና የእናቷን ፊት ችላለች፤ ለዚህ ሁሉ አንድ አውቶቡስ እንኳ የለም? እስከ በሩ ተከተለችው። በሩ ላይ ቀድማው ቆመች፤ ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጣለች።

«ቲቸር፣ ይኸ እኮ አይሆንም። መብራቱ የሱ ይሁን፣ አረፍተ ነገሩ ግን የእኔ ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው የወደደው እኔን ነው። መጻፍ ለሚችል ከሆነ የሚሰጠው፣ የምሄደው እኔ ነኝ።»

መምህሩ ቆቡን ደፋ።

«በራስሽ ስም የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ» አላት።